ስለ ጆርጅ አርሊስ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች፦ ከመድረክ ወደ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከዚያም ወደ ተናጋሪው

እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆርጅ አርሊስ በ1868 በለንደን ተወለደ፤ ገና በወጣትነቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ከሠላሳ ዓመታት በላይ በቴአትር ከኖረ በኋላ ነው ሃምሳ ዓመት አልፎት በድምፅ አልባ ፊልም የታየው። በስድሳ አንድ ዓመቱ ደግሞ ፊልም መናገር ሲጀምር ከዘመኑ ታላላቅ ተዋንያን አንዱ ሆነ። ይህ ሕይወት «ድምፅ መጣ፣ የመድረክ ሰው አሸነፈ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠቃለል ስለሚመስል ብዙዎች በችኮላ ይተርኩታል፤ በችኮላውም ስህተት ይገባል። በእኔ እምነት አርሊስ ከመድረክ ይዞት የመጣው ትልቁ ሀብት ድምፁ ሳይሆን ለዓመታት ሲያሸው የኖረው ገጸ ባሕርይና የልምምድ ሥርዓቱ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም በአብዛኛው ይህን ካለማስተዋል የሚመነጩ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የፊልም ሕይወቱን ከ1929 መጀመር ነው። አርሊስ ወደ አሜሪካ የሄደው በ1901 ከተዋናይቷ ከሚስዝ ፓትሪክ ካምቤል የቴአትር ቡድን ጋር ሲሆን፣ በዚያው ቀርቶ በመድረክ ስሙን ካተረፈ በኋላ ከ1921 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ስድስት ድምፅ አልባ ፊልሞችን ሠርቷል። ስለዚህ ማይክሮፎን ፊት ሲቆም ለካሜራ እንግዳ አልነበረም። እነዚህን ዓመታት የሚዘል ጸሐፊ አንድ የቴአትር ሰው በድንገት ከመድረክ ተነሥቶ ፊልም ውስጥ የገባ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ካሜራ ፊት ዝም ብሎ መተወንን የተማረበት ጊዜም ከታሪኩ ይጠፋል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ሦስቱን «ዲዝሬሊ» ማደባለቅ ነው። የእንግሊዝን ጠቅላይ ሚኒስትር የቤንጃሚን ዲዝሬሊን ታሪክ፣ በተለይም በ1875 የስዊዝ ቦይን አክሲዮን ለመግዛት ያደረገውን ጥረት መነሻ ያደረገው ተውኔት በአሜሪካ መድረክ የቀረበው በ1911 ነው። ድምፅ አልባው ፊልም በ1921፣ ተናጋሪው ደግሞ በ1929 ወጡ። በሦስቱም ጊዜ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አርሊስ ነው፤ መጀመሪያ የአርባ ሦስት፣ በኋላ የሃምሳ ሦስት፣ በመጨረሻም የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ሆኖ። አንድ ተዋናይ አንድን ሰው በቃል፣ ያለ ቃል፣ እንደገናም በቃል ለመግለጽ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲያገኝ ማየት እምብዛም የማይገጥም ነገር ነው። በተናጋሪው ፊልም የዲዝሬሊን ሚስት ሆና የተጫወተችው የገዛ ሚስቱ ፍሎረንስ መሆኗን ስናስታውስ፣ በሁለቱ መካከል የሚታየው መግባባት በፊልሙ ቀረጻ ሳምንታት ውስጥ የተፈጠረ እንዳልሆነ እንረዳለን። ስለዚህ ስለ «ዲዝሬሊ» የሚጽፍ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ዓመቱን ጠቅሶ ይለይ።

ሦስተኛውና እጅግ የተስፋፋው ስህተት የተዋንያንን ዕጣ ሁሉ የወሰነው የድምፅ ጥራት ነው ማለት ነው። የድምፅ አልባው ፊልም ኮከብ የጆን ጊልበት ታሪክ ሁልጊዜ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ድምፁ ቀጭን ስለነበር ወደቀ ይባላል። ይሁን እንጂ በ1933 ከግሬታ ጋርቦ ጋር የሠራውን «ክዊን ክርስቲና» ያዳመጠ ሰው ድምፁ የተወራለትን ያህል አስቂኝ እንዳልነበረ በራሱ ጆሮ ሊፈርድ ይችላል። የበለጠ የሚያስተምረው ግን የኤሚል ያኒንግስ ታሪክ ነው። ያኒንግስ በጀርመን በማክስ ራይንሃርት ቴአትር ያደገ፣ የመጀመሪያውን የምርጥ ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት ያገኘ ሰው ነበር። የመድረክ ሥልጠናም፣ የዳበረ ድምፅም፣ ሽልማትም ነበረው፤ ያልነበረው እንግሊዝኛ ነው። ድምፅ ሲመጣ ወደ ጀርመን ተመለሰና በ1930 በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ በተዘጋጀው «ሰማያዊው መልአክ» ፊልም ተጫወተ። አርሊስና ያኒንግስ ሁለቱም የመድረክ ልጆች ሲሆኑ፣ ሆሊውድ አንዱን ያስቀረችው ሌላውን የሸኘችው ቋንቋን መሠረት አድርጋ ነው። ስለዚህ «የመድረክ ሥልጠና ያለው ሁሉ ተሻገረ» የሚለው አባባል «ድምፁ ያላማረ ሁሉ ወደቀ» ከሚለው ያልተሻለ ስህተት ነው። እንዲያውም እስከ አዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ድረስ እንዲሰማ ተደርጎ የተገራ ድምፅ፣ አጠገቡ ለተሰቀለ ማይክሮፎን ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችል ነበር። አርሊስን የጠቀመው በመድረክም ቢሆን በዝግታ፣ በዐይንና በከንፈር ጫፍ የሚተውን ሰው መሆኑ ይመስለኛል። በ1929ኙ «ዲዝሬሊ» ከንግግሩ ይልቅ ከመናገሩ በፊት የሚወስዳት ፋታ ናት ትዕይንቱን የምትይዘው።

አራተኛው ስህተት የድምፅ አልባውን ዘመን ትወና በተሳሳተ ፍጥነት አይቶ መፍረድ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው ብዙ ጊዜ በእጅ ይሽከረከር ስለነበር የምስሉ ፍጥነት ከፊልም ፊልም ይለያይ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ዛሬ ከምናውቀው ያነሰ ነው። ድምፅ ሲመጣ ግን የተዛባ ፍጥነት ድምፁንም ስለሚያዛባው በሰከንድ 24 ምስል የሚለው መለኪያ ጸና። በዝግታ የተቀረጸ ፊልም በ24 ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ ይሮጣሉ፣ እጃቸው ይወራጫል፣ ፊታቸው ይቆራረጣል። ተመልካቹም «የድሮ ትወና ግነት የበዛበት ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ፍርድ በተለይ በመድረክ ተዋንያን ላይ ይከብዳል፤ ግነቱ የቴአትር ቅሪት ነው ተብሎ ይታሰባልና። ከመፍረድ በፊት የፊልሙ ቅጂ በትክክለኛ ፍጥነቱ የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለውጡን የአንድ ሌሊት ጉዳይ አድርጎ ማቅረብም ሊታረም ይገባል። በነሐሴ 1926 ሌላው የመድረክ ሰው ጆን ባሪሞር የተጫወተበት «ዶን ህዋን» በተቀዳ ሙዚቃ ታጅቦ ቀረበ፤ ንግግር ግን አልነበረውም። በጥቅምት 1927 የወጣው «ዘ ጃዝ ሲንገር» በከፊል ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ ቻርሊ ቻፕሊን ደግሞ በ1931 እንኳ ያለ ንግግር ፊልም ያወጣ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የ1929 እና የ1930 ፊልሞችን «ፎቶ የተነሣ ቴአትር» ብሎ ማጣጣል ነው። ካሜራዎቹ ሞተራቸው ስለሚጮህ ድምፅ በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ ይዘጉ ነበር፤ ስለዚህ ተዋናዩን እየተከተሉ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ማይክሮፎኑ አንድ ቦታ ስለሚሰቀል ወይም ስለሚደበቅ ተዋንያኑ ወደዚያው ይሰበሰቡ ነበር። አርሊስ የሠራበት የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ የተጠቀመበት ቫይታፎን ድምፁን የሚቀዳው በ16 ኢንች ሸክላ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ሸክላ የሚይዘው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል የሚሆን አንድ ሪል (ጥቅል) ፊልም ነው። በሸክላ ላይ የተቀዳን ድምፅ እንደ ፊልም በመቀስ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ረጅም ትዕይንትን ሳይሳሳት ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ተዋናይ ዋጋው ከፍ ይላል። አርሊስ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተዋንያኑ እንደ ቴአትር ቡድን ለቀናት ተሰብስበው እንዲለማመዱ ይጠይቅ ነበር፤ ይህም በሆሊውድ ያልተለመደ ነበር። ካሜራው ቆሞ መቅረቱን የአርሊስ የቴአትር ዝንባሌ ያመጣው አድርጎ መጻፍ ምክንያትንና ውጤትን ማገላበጥ ነው። ያሠረው መሣሪያው ነው፤ ልምምዱ ግን በእስሩ ውስጥ ሥራው ሕይወት እንዲኖረው አደረገ።

አርሊስ በ«ዲዝሬሊ» ያገኘውን የምርጥ ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት በተመለከተ አንድ ትንሽ እርማት አለ። አርሊስ በኅዳር 1930 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት በዕጩነት የቀረበው በ«ዲዝሬሊ» ብቻ ሳይሆን «ዘ ግሪን ጋደስ» በተባለው ፊልምም ነው። ይህኛውንም ቀደም ሲል በመድረክና በድምፅ አልባ ፊልም ተጫውቶታል።

በመጨረሻ ታሪኩን በሽልማቱ መዝጋት ተገቢ አይደለም። በ1922 በድምፅ አልባ፣ በ1932 ደግሞ በተናጋሪ ፊልም የሠራው «ዘ ማን ሁ ፕሌድ ጋድ» የመስማት ችሎታውን ስላጣና የሰዎችን ንግግር ከከንፈራቸው ማንበብ ስለተማረ ፒያኖ ተጫዋች የሚናገር ነው። በድምፅ አልባው ተመልካቹም እንደ ባለታሪኩ አይሰማም፤ ስለዚህ ደንቆሮነቱን ከሌሎቹ ዝምታ ለይቶ ማሳየት የተዋናዩ ፊት ሥራ ነው። በተናጋሪው ግን እኛ እንሰማለን፣ እርሱ አይሰማም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማሰብ ድምፅ ለአንድ ተዋናይ ምን እንደሰጠው፣ ምን እንደወሰደበትም ለመረዳት ከማንኛውም ሐተታ ይልቅ ይረዳል። በዚያ በ1932ቱ ፊልም ውስጥ አብራው እንድትጫወት የመረጣት ወጣት ቤቲ ዴቪስ ነበረች፤ ከሆሊውድ ለመውጣት ተቃርባ ሳለ ያቆያት ይህ ሥራ መሆኑን ከጊዜ በኋላ በምስጋና ተናግራለች። አርሊስ ራሱ ወደ አገሩ ተመልሶ የመጨረሻ ፊልሙን በ1937 ሠራ፤ በየካቲት 1946 በለንደን አረፈ።