«ክፉ አትጥራ» ከማለት በፊት፦ ሞትን አምኖ ቀለል ብሎ ለመኖር

እስቲ ቤት ውስጥ ስለ ሞት ለማውራት ሞክሩ። «ኧረ ክፉ አትጥራ!» ትላለች እናት። «ምን ያሟርትብሃል?» ትላለች እህት። ወሬው እዚያው ይቀራል። የሚገርመው ግን እኛ በየወሩ ለራሳችን ቀብር የምናዋጣ ሕዝብ ነን። እድር ሌላ ምንድነው? ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። የቤቱ ካርታ የት እንደተቀመጠ ግን ባል ለሚስቱ አልነገራትም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ባል ነው። ለሚስቱም። ሌሊት «ብሞትስ?» እያለ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ለሚያድር ሁሉም። የሞት ፍርሃት በማሰብ ብዛት ሲቀል አላየሁም። ሲቀል ያየሁት ሰዎች ያልተቋጨ ነገራቸውን አንድ በአንድ ሲቋጩ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ሳይሆን ሥራ ነው።

የምትፈሩት ምኑን ነው?

«ሞት እፈራለሁ» ሲባል ውስጡ ብዙ የተለያየ ነገር ታጭቋል። ወረቀት አውጡ። «ብሞት…» ብላችሁ ጀምሩና ዐረፍተ ነገሩን ጨርሱት፤ ከዚያ እንደገና ጀምሩ፣ ሳታሳምሩ፣ ማንም አያየውም። «ብሞት ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» «ብሞት ያ ብድር ሚስቴ ላይ ይወድቃል።» «ብሞት ከወንድሜ ጋር እንደተኳረፍን ነው።» «ሞቱስ ይሁን፣ ስቃዩን አልችለውም።» «ወዲያኛው ዓለም ምን ይጠብቀኛል?»

ሲጻፍ ሁሉም የራሱ መፍትሔ እንዳለው ይታያል። ልጆቹና ብድሩ የወረቀት ጉዳይ ናቸው። የወንድም ነገር የስልክ ጉዳይ ነው። ስቃዩን ሐኪም ጠይቁ፤ ሕመም ማስታገስ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፣ አዲስ አበባ ላይም ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰለ ሕመምተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስታምም ድርጅት አለ። የወዲያኛውን ዓለም ጥያቄ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለሸኹ ወይም ለፓስተሩ ውሰዱት፣ እንዳለ፣ ከነጥርጣሬው። «እፈራለሁ፣ እጠራጠራለሁም» ማለት የሚያሳፍር ይመስለናል። እነሱ እኮ የሚውሉት ከሟችና ከቀባሪ ጋር ነው፤ ከዚህ የባሰ ሰምተዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። በቃ አለመኖር፣ እሱ ራሱ። ለዚህ መድኃኒት አለኝ አልልም። አባቶች ግን የሚለማመዱት ነገር አድርገውታል፤ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፣ ለዚህ ዓለም እንደሞተ ይቆጠራል። መንኩሱ አላልኩም። ግን ቀብር ስትሄዱ ከኋላ ቆማችሁ ስልክ ከምትነካኩ ጠጋ ብላችሁ አፈሩ ሲመለስ እዩ። መጀመሪያ ይከብዳል። ሲደጋገም ነገሩ ከጭራቅነት ወደ እውነትነት ይወርዳል።

ወረቀቱን ጨርሱ

ኑዛዜ ሲነሳ «እኔ ምን ሀብት አለኝና?» የሚል ብዙ ነው። ልጅ ያለው፣ ዕዳ ያለው፣ በዘመድ ስም ቤት የሠራ ሰው ኑዛዜ ያስፈልገዋል። በተለይ የመጨረሻው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ነው፤ ተጽፎ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ ይሰፍርበታል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሁለተኛው በራስ እጅ የሚጻፍ ነው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጻፉ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አድርጉ። ይሄኛው ቀላል ስለሆነ ሰው ይወደዋል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ በ7 ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። መሳቢያ ውስጥ ያለው ያ ወረቀት መቼ እንደተጻፈ አሁኑኑ እዩት።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፣ በ2 ምስክሮች ፊት። ብዙ ቤተሰብ «አባባ እኮ አልጋ ላይ ሆኖ ቤቱ ለእሷ ይሁን ብሎ ነበር» እያለ የሚጣላው በዚህ ነው። ሕጉ ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ስጦታ፣ አካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚት እንጂ ቤት አያስተላልፍም። ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ በሕይወት ከቆየ ደግሞ እሱም ይቀራል።

ባለትዳሮች ሁለት ነገር ይወቁ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ አይጸናም፤ ለየብቻ ጻፉ። ሌላው፣ ያለ ኑዛዜ ሲሆን ሕጉ የትዳር ጓደኛን ወራሽ አያደርግም። ከጋራ ንብረቱ የራሷን ድርሻ ትወስዳለች፣ የሟቹ ድርሻ ግን ወደ ልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆቹና ዘመዶቹ ነው የሚሄደው። ይህን ለቅሶ ላይ የሚሰሙ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ዕዳ እንደሚቀድም፣ ወሲያም (ኑዛዜው) ከንብረቱ አንድ ሦስተኛ እንደማያልፍ ታውቃላችሁ፤ ዝርዝሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋገሩ።

ዲሲ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ አገር ቤት በውክልና የምታሠሩ፦ ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ወንድማችሁ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን በዚያ ወረቀት ከእናንተ በኋላ መቀጠል አይችልም። የት መቀበር እንደምትፈልጉም ተናገሩ። አስከሬን አገር ቤት ይግባ ወይስ እዚያው ይቀበር በሚል ወንድማማች ሲቆራረጥ ያየ ሰው ይህችን አንድ መስመር አይንቃትም።

ከኑዛዜው ሌላ አንድ ገጽ ጻፉ። የባንክ ሒሳብ፣ እቁብ፣ ያበደራችሁት፣ የተበደራችሁት፣ ካርታው ያለበት ቦታ፣ የስልኩ መክፈቻ። የት እንዳለ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። የስልኩን ኮድ ኑዛዜው ውስጥ እንዳትጽፉት ብቻ፣ በ4 ምስክር ፊት ይነበባል ብያችኋለሁ።

ጸጸት

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን፣ ከዚያ ስናፍስ እናድራለን።

ከምትጸጸቱበት ነገር መጀመሪያ በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር ያለውን ለዩት፣ ምክንያቱም ቀኑ የሚያልፍበት እሱ ነው። ይቅርታ ስትጠይቁ አጭር ይሁን። «ያኔ በአባባ ተዝካር ሰው ፊት ያልኩሽ ትክክል አልነበረም። አስቀይሜሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» አለቀ። «ግን አንቺም…» ካላችሁ ይቅርታው ክስ ሆነ። ስልኩን ካላነሳች መልእክት ላኩ። ነገሩ ከበድ ያለ ከሆነ ሽማግሌ ላኩ፤ ለምንድነው ሽማግሌ ለጋብቻ ብቻ የሚላከው? ሐጅ የሚሄዱ ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት ዘመድ ጎረቤቱን እየዞሩ «አፉ በሉኝ» ይላሉ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚያስቀና ልማድ ነው፤ የተጣሉትንም ያልተጣሉትንም ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ማንም አያፍርም። ሐጅ ባትሄዱም ከዐውደ ዓመት በፊት ባለው ሳምንት ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሌላዋ ወገን ይቅር ባትልስ? መብቷ ነው። የእናንተ ድርሻ ግን ተወጥቷል፣ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ የእናንተ ድርሻ ነበር።

ከሞቱት ጋር ያለው ይከብዳል። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁን ስጡ፤ ደረት የሚያስመታው ብዙ ጊዜ ሞቱ ብቻ አይደለም፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬሽ፣ ሳልመጣልሽ!» የሚለው ነው። ስደት ላይ ሆኖ መርዶ የሰማ ሰው ደግሞ ያንን እንኳ ጮኾ የሚለቅበት ድንኳን የለውም። እንዲህ አድርጉ። ለሟቿ ልትነግሯት የነበረውን ጻፉላት፣ «አንቺ» እያላችሁ። መቃብሩ ቅርብ ከሆነ እዚያ አንብቡት፣ ሩቅ ከሆነ ቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቀጥሎ እሷ ጀምራ የተወችው ነገር ካለ አንዱን ያዙላት፦ ትረዳው የነበረ ልጅ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ስለት። ሰደቃውም ተዝካሩም የሚያሳርፈን በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፣ እጃችን የሚሠራው ያገኛል።

ራሳችሁን የምትወቅሱ ከሆነም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ያን ጊዜ ዛሬ የማውቀውን አውቅ ነበር? «ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» የሚለው ጸጸት አብዛኛው እዚህ ጋ ይረግባል። በዚያን ቀን የምታውቁት «ጉንፋን ነው» የሚለውን ብቻ ነበርና።

ከሕያዋንና ከሙታን ጋር ካለው ሌላ ሦስተኛው ጸጸት ያልሄድንበት መንገድ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ጊሎቪች ከባልደረባው ከቪክቶሪያ ሜድቬክ ጋር በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳዩት ነገር አለ፦ ሰው በቅርብ ጊዜ የሚጸጸተው ባደረገው ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይበልጥ የሚያቃጥለው ያላደረገው ነው። ስለዚህ ካላደረጋችሁት አንዱን ምረጡና ትንሹን መልኩን ዘንድሮ ሥሩ። ዩኒቨርሲቲ ያመለጠው የማታ ትምህርት ይመዝገብ። ማሲንቆ መማር የፈለገ አስተማሪ ይፈልግ፤ መድረክ ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም።

ለጭንቀት ሰዓት ስጡት

በ1983 (አሁንም በአውሮፓውያን) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬችና ባልደረቦቹ የሞከሩት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በቀን 30 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ፣ ለመጨነቅ ብቻ ቁጭ ትላላችሁ። በሌላው ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ «በ11 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ ማስታወሻ ላይ አንድ ቃል ጣል አድርጉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ሰዓቱ ሲደርስ የተጻፈውን አንብቡ፦ ነገ የሚሠራ ነገር ካለው ቀኑን ጻፉ፣ ከሌለው እዚያው ተጨነቁበትና ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሡ። አልጋ ላይ አይሁን፣ ቡና ላይም አይሁን። ቡናችንን ለጭንቀት አንሰጥም።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከተዘጋ፣ ወይም መሞትን መፍራት ቀርቶ መሞትን መመኘት ከመጣ፣ ይህ በማስታወሻ ደብተር አይሆንም። ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠበልም ዱዓም አብሮ ይሄዳል፣ አይጋጭም።

የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ

እዚህ ላይ ልማዳችንን እወቅሳለሁ። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጆች ይነግራል፣ ልጆች ኮሪደር ላይ ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን ታጥበው ይገባሉ፣ «ምንም አትይም እማዬ፣ ጨጓራ ነው ተባለ» ይላሉ። ጠያቂው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ «ዛሬማ ፊትሽ በርቷል!» ይላል። እሷ የልጆቿን የቀላ ዓይን ታያለች። ታውቃለች። «ያቺን ጥብቆና ሀብሉን ለትንሿ…» ብላ ስትጀምር «ምን አስቸኮለሽ፣ አንቺው ራስሽ ትሰጫታለሽ» ተብሎ አፏ ይዘጋል። እሷ እኛን ላለማስጨነቅ ዝም፣ እኛ እሷን ላለማስጨነቅ ዝም። ከዚያ ለቅሶ ላይ «ሳንሰናበትሽ!» እንላለን።

ሁሉም ሰው ማወቅ ይፈልጋል አልልም፣ የማይፈልግ አለ። ስለዚህ ገምታችሁ አትወስኑ፣ ጠይቁ። «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ እንድንነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ እኛው እንከታተለው?» መልሷ የትኛውም ቢሆን ታዘዟት። ነገ ሐሳቧን ብትቀይርም ታዘዟት። «ልሞት ነው አይደል?» ብትል «ኧረ በስመአብ!» ብላችሁ አትሽሹ። ወንበሩን ሳቡና «ምን ተሰማሽ? ምን አሰብሽ?» በሏት። አብዛኛውን ማውራት ያለባት እሷ ናት። ስለ ሀብሉ ስትጀምር አስጨርሷት፣ ትንሿንም ጥሯት። ከፈቀደች ድምፅዋን ቅዱ፦ የአያቶቿን ስም፣ እናንተ እንዴት እንደተወለዳችሁ፣ የድልሁን አሠራር። ቅጂውን ደግሞ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ለእህት ለወንድሞቻችሁ በዚያው ቀን ላኩላቸው።