ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሾርትከት ሲሆን፦ ቫይረሱን በስሙ መለየት፣ አንቲቫይረሱን በአግባቡ ማሠራት

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም ሆነ ከኪቶ ፉርዲሳ የሚወጣ ፍላሽ በአንድ ቀን ሦስት አራት ፕሪንት ቤት ይዞራል። አንዱ ጋ ቀለም አልቋል፣ ሌላው ጋ መብራት የለም፣ ሦስተኛው ጋ ወረፋው አይቀመስም። ማታ ቤት ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመሩ አቋራጮች፣ ሆነው ይገኛሉ። ይሄኔ «ፎርማት አድርገው» የሚል አይጠፋም። አይስሙት፤ ፋይሉ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም።

ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ብዙ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ከትቶ ይሰውራቸዋል፤ በቦታቸው በዚያው ስም ሾርትከት ይተካል። ሾርትከቱ ሲጫኑት አስቀድሞ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። የፈለገውን ያገኘ ሰው ምኑን ይጠርጥር? ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ላይ ያለ ፕሮግራም ስለተሰካ ብቻ በራሱ አይነሳም። በአብዛኛው የሚያስይዘው ያቺ ጠቅ የምትደረገው ነገር ናት።

ስሙን መለየት ለምን ይጠቅማል

መድኃኒቱ ስለሚለያይ። ቫይረስ የሚባለው በጥብቅ ትርጉሙ ሌላ ፋይል ላይ ተለጥፎ፣ ያ ፋይል ሲከፈት የሚነሳው ነው። ራሱን ችሎ ከማሽን ወደ ማሽን የሚባዛው ዎርም ይባላል፤ የሾርትከቱ ችግርም ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህ አንዱን ኮምፒውተር አጽድቶ ሌላውን መተው ዋጋ የለውም።

ትሮጃንን የሚያስገባው ባለቤቱ ራሱ ነው፦ ክራክ፣ የዊንዶውስ አክቲቬተር፣ «ነጻ» የጽሑፍ ፕሮግራም። «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ካዩ እዚያው ያቁሙ።

ራንሰምዌር ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። አንቲቫይረስ ፕሮግራሙን ቢያስወግድም የተቆለፈውን አይከፍትም፤ በአብዛኛው የሚያድነው ቀድሞ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ደፍኖት ነበር። ድፍኑ ነው ፓች የሚባለው፤ ብዙዎቹ የተመቱት አፕዴት ስላላደረጉ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም ልብ ይበሉ።

ስፓይዌር የሚጽፉትን ይሰልላል፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል የሚቀየረው ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ፊሺንግ ግን ማታለል ነው፤ በስልክ ተጠይቀው የባንክ ፒን ከነገሩ የትኛውም አንቲቫይረስ አይደርስልዎትም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ

ፍላሹን ይንቀሉ። ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ፍላሽ ማጽዳት ዝናብ እየዘነበ ግቢ እንደመጥረግ ነው።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ አብሮ ይመጣል፤ ለተራ ተጠቃሚ ይበቃል። ሁለተኛ አንቲቫይረስ መደረብ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም፤ ሌላ ሲጫን ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ለቆ ራሱን ያጠፋል።

«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብለው ይፈልጉና «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይግቡ። በ«ማኔጅ ሴቲንግስ» ሥር «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን ያረጋግጡ። ከዚያ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ ገብተው «ቼክ ፎር አፕዴትስ» ይበሉ። ይህን መዝለል አይገባም፦ ቡና ለቃሚ ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከመልኩ እንደምትለይ፣ አንቲቫይረስም ሲግኔቸር በሚባል የመልክ ዝርዝር ይሠራል። ባህሪ አይቶ የሚጠረጥርበት መንገድም አለው፤ ዝርዝሩ ካረጀ ግን አዲሱ ያልፈዋል። ኢንተርኔት ከሌለ ሙሉውን የአፕዴት ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ በሌላ ንጹሕ ማሽን ማውረድ ይቻላል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በዋይፋይ ይሻላል፤ 32 ቢት እና 64 ቢት የየራሱ አለው፣ ካምታቱት አይጫንም።

ቀጥሎ «ስካን ኦፕሽንስ»። «ኩዊክ ስካን» ቫይረስ የሚያዘወትራቸውን ቦታዎች ብቻ ያያል። «ፉል ስካን» ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ አድርገው ማታ ይተዉት። ተወግዶ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ይምረጡ፦ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ቫይረሱ ከመንቃቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። የተከፈተ ሥራዎን አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ።

«ኳራንቲን» የሚል ቢያዩ ፋይሉ እንዳይነሳ ታስሯል ማለት ነው፤ አልተሰረዘም። ንጹሑ ተጠርጥሮ ከሆነ ከ«ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» መመለስ ይቻላል። ከየት እንደመጣ ያላወቁትን ግን አይመልሱ።

ቀጥሎ ፍላሹ

የፎልደር አማራጮችን ይክፈቱና በ«ቪው» ሥር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንና የፋይል ኤክስቴንሽን (ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጅራት) የሚሰውረውን ምልክትም ያንሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተሰራጨው «አይ ላቭ ዩ» የተባለ ዎርም የተራ ጽሑፍ ፋይል መስሎ ብዙ ሰው ያታለለው የስሙ ጅራት ስለተሰወረ ነው።

ፍላሹን ይሰኩ። ሳይከፍቱት በቀኝ ጠቅ አድርገው በዲፌንደር ስካን ያድርጉት፤ ምርጫው ካልታየ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ነው። «ፉል ስካን» ፍላሽን እንደተለመደው ስለማይጨምር ለብቻው መፈተሹ ግድ ነው።

ሲያልቅ ሾርትከቶቹን ይሰርዙ፤ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ስም አልባ ፎልደር ውስጥ ንብረትዎን ያገኛሉ። «ሂደን» የሚለውን ምልክት ለማንሳት ቢሞክሩ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ቫይረሱ የሲስተም ፋይል የሚል ምልክትም ስለጨመረበት ነው። አይታገሉት። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎልደር ይክፈቱና ዎርድ፣ ፒዲኤፍና ፎቶዎቹን ብቻ ወደዚያ ኮፒ ያድርጉ። ጅራታቸው ቪቢኤስ፣ ጄኤስ ወይም ኢኤክስኢ የሆኑትን አይንኩ። ሁለት ሦስቱን ከፍተው ካዩ በኋላ፣ ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው አሁን ነው።

ፕሪንት ቤት ሲሄዱ

ፍላሹ ላይ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር፤ ዋናው ጽሑፍ ቤት ይቅር። ፒዲኤፍ ፎንትና ገጽ አያዛባም፣ ያ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ለሚያትም ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፋይሉን ከስልክዎ ወደ ፕሪንት ቤቱ የቴሌግራም አካውንት መላክ ነው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ በራስዎ ቴሌግራም ከገቡ ግን ሒሳብ ከፍለው ሲወጡ አካውንቱ ክፍት ሊቀር ይችላል፤ ከበሩ ሳይርቁ ስልክዎ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይጫኑ።