ለአትሌት የላካችሁት ደብዳቤ ያለ ፊርማ ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ተቀምጬ ለሯጮችና ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ደብዳቤ እየጻፍኩ ፊርማቸውን መጠየቅ ከጀመርኩ ቆየሁ። አሁን የሰፈር ልጆችም «መልስ አልመጣልኝም» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ አትሌቱ የናቃቸው ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ፖስታው ላይ ነው። በብዛት ከሚያጋጥመው ልጀምር።

ወራት አለፉ፣ ምንም የለም

መጀመሪያ የራሳችሁን አድራሻ ተመልከቱ። እኛ ዘንድ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚገባው ፖስታ ቤት ካለ ሣጥን ውስጥ ነው። «ደሴ፣ ሆጤ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ» የሚል አድራሻ ለባጃጅ ይበቃል፤ ለደብዳቤ አይበቃም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል። የራሳችሁ ከሌላችሁ የትምህርት ቤታችሁን ወይም የወላጅ መሥሪያ ቤትን ሣጥን አስፈቅዳችሁ፣ ስማችሁን ከነአባት ጽፋችሁ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» በሉ። ከዚያ ደብዳቤ የሚያመጣውን ሰው አግኙትና ስማችሁን ንገሩት። አንዲት የሰፈራችን ተማሪ ይህን ሳታደርግ ቀርታ፣ የመጣላት ፖስታ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ተኝቷል። ልጅቷ በየቀኑ በዚያ በር ታልፍ ነበር።

ቀጥሎ የአትሌቱ አድራሻ። የእግር ኳስ ተጫዋች ክለብ ይቀይራል፤ በዝውውር ወቅት የላካችሁት ደብዳቤ አሮጌው ክለብ ቢሮ ይቀራል። ዝውውሩ እስኪዘጋ ጠብቁና አሁን ባለበት ክለብ ስም ላኩ። ለሯጮቻችን በሚሮጡበት ክለብ ወይም አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በኩል መላክ ይሻላል።

ወደ ውጭ የላካችሁት ሲቀር

አትሌቱ መልሱን የሚልክበትን፣ የራሳችሁ አድራሻ የተጻፈበትን የመልስ ፖስታ ብታስገቡም ምናልባት የኢትዮጵያ ቴምብር ለጥፋችሁበት ይሆናል። ይህን ስህተት ያልሠራ ሰው አላየሁም፤ እኔም ሠርቻለሁ። የኛ ቴምብር የሚያገለግለው ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ደብዳቤ ብቻ ነው። ከሙኒክ ወይም ከለንደን ለሚመለሰው የዚያው አገር ቴምብር ያስፈልጋል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን የሚባል ወረቀት አለ፤ በዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አገሮች ፖስታ ቤቶች ለአንድ ቀላል የአየር ደብዳቤ በሚበቃ ቴምብር ይለወጣል። የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ታትሞበታልና እሱን አይታችሁ ያዙ። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ጠይቁ። ከሌለ ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ያለን መፍትሄ ዘመድ ነው፦ በዚያ አገር ያለ የአክስት ልጅ ቴምብሩን ገዝቶ ይላክላችሁ፣ ወይም ደብዳቤውን እዚያው ፖስታ ቤት ያስገባና መልሱን በራሱ አድራሻ ይቀበል። በመልስ ፖስታው ላይ ስማችሁንና «ኢትዮጵያ» የሚለውን በላቲን ፊደል በጉልህ ጻፉ።

ደብዳቤው ደርሷል፣ ግን አልተፈረመም

ሁለት ምክንያት አውቃለሁ። አንደኛው ጊዜ ነው። የማራቶን ሯጭ ለበርሊን መስከረም ላይ፣ ለቦስተንና ለለንደን ሚያዝያ ላይ ሊሮጥ ሲዘጋጅ ሐሳቡ ሁሉ ልምምድ ላይ ነው። ውድድሩ ካለፈ በኋላ ባሉት የእረፍት ሳምንታት የሚደርስ ደብዳቤ የመነበብ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤው ራሱ ነው። «አድናቂዎ ነኝ፣ ፊርማዎን ይላኩልኝ» ብቻ ከሆነ ለማንም ሊላክ ይችላል። ለኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ የምትጽፉ ከሆነ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ አብረው ስታዲየሙን መዞራቸው ለእናንተ ምን እንደሆነ ተናገሩ። አባታችሁ ያን ቀን የት ሆኖ እንዳየው ጠይቁትና ያንን ጻፉ። በእጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ። ማዕረግ አትዝለሉ፤ ሻለቃ ኃይሌን «ሻለቃ» ብላችሁ፣ በ«እርስዎ» ጻፉ። ፎቶ ከሁለት አይብለጥ፤ ስድስት ፎቶ የላከ ሰው ሊሸጥ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

ፊርማው ተበላሽቶ መጣ

ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል፤ ሰውየው ፈርሞ፣ መልሱ ደሴ ገብቶ፣ ፖስታው ሲከፈት ጥቁር ጭረት ብቻ ሲታይ። የመጀመሪያዬ እንዲህ ነበር። የፊርማው የመጀመሪያ ፊደል ደህና ነው፤ ቀሪው ግን በአውራ ጣት እንደተጠረገ ኩል ወደ ጎን ተስቧል።

መንስኤው የሚያብረቀርቅ ፎቶ ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ አይሰርግም፣ ላይ ላዩን ይቀራል። ፎቶ ቤት ስታሳትሙ «ማት» (የማያብረቀርቅ) በሉ። ከመላካችሁ በፊት በተበላሸ ፎቶ ላይ ፈርማችሁ፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት እሹት፤ ከለቀቀ ያ ወረቀት አይሆንም። ትንሽ ማስታወሻ አያይዙ፦ «እባክዎ በማይለቅ ማርከር ይፈርሙልኝ»። ፎቶ ስትመርጡም ለፊርማው ነጣ ያለ ቦታ ያለውን ፈልጉ፤ አረንጓዴ ማሊያ ላይ ጥቁር ማርከር አይታይም፣ የደረት ቁጥሩ ነጭ ወረቀት ላይ ግን ያምራል።

ተጣጥፎ የመጣ ከሆነ ድጋፍ አላስገባችሁም። የማካሮኒ ካርቶን ከፎቶው ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ከኋላው አድርጉ፤ ፎቶው ላይ ግን ፕላስተር አትለጥፉ። በክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከተማው ሲረጥብ፣ ላስቲክ መጨመር ጥሩ ነው። ነገር ግን ላስቲኩ የፊርማውን ገጽ ከነካ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ በመሃላቸው ነጭ ወረቀት ይግባ። ካርቶኑ ክብደት ይጨምራልና መስኮቱ ላይ አስመዝኑ፤ የመልስ ፖስታውንም ፎቶውንና ካርቶኑን እንደያዘ ለብቻው አስመዝኑና የሚበቃውን ቴምብር (ከውጭ ለሚመለሰው የዚያውን አገር) ለጥፉበት።

ፊርማው የታተመ ይመስላል

ትልልቅ ክለቦች አንዳንዴ ፊርማው አብሮ የታተመበትን ካርድ ይልካሉ። መስኮት አጠገብ ሄዳችሁ ካርዱን አዘንብሉት። የእጅ ቀለም ከፎቶው የተለየ ነጸብራቅ ይሰጣል፤ የታተመው ከፎቶው ጋር አንድ ሆኖ ያበራል፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የታተመ ከሆነ ለተጫዋቹ እንደገና ጻፉ፤ በዚህ ጊዜ ፎቶውን ራሳችሁ ላኩ።

የመጣበትን ፖስታ አትጣሉ። ከየት እንደተነሳና መቼ እንደተነሳ የሚናገረው ቴምብሩ ላይ ያረፈው ማኅተም ነው፤ ከፎቶው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።