ሞተሩን ከአርዱዪኖ ፒን ጋር በቀጥታ አታገናኙት

ሮቦት መሥራት ለምትጀምሩ፦ የአርዱዪኖ ኡኖ R3 (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አንድ ፒን (ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ) ሳይጨነቅ የሚሰጠው ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ 20 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ለአንዲት ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ይበቃል፤ እሷም ብትሆን ከረንት የሚገድብ ሬዚስተር ትፈልጋለች፣ 220 ኦም ይሁን። ሞተር ግን ትንሹም ቢሆን ሲነሳ ወይም ጎማው ሲያዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይስባል። ፒኑ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መሃል ላይ ሞተር ድራይቨር (ከፒኑ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ ከባትሪው ከረንት የሚያሳልፍ ሰርኪዩት) አስገቡ፣ ለሞተሩም የራሱን ባትሪ ስጡት። ያቺ አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ አትመከርም፤ ቮልቴጇ ብዙ ይምሰል እንጂ ከረንት ላይ ደካማ ናት። በተከታታይ የተያያዙ አራት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች በጣም ይሻላሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ይሄ ነው፦ የሞተሩ ባትሪ ኔጋቲቭ ከአርዱዪኖው ግራውንድ (GND ከተጻፈበት ፒን) ጋር መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ኮዱ ልክ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ወይም እንዳሻው ይንቀጠቀጣል። ኮዱን መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት መጀመሪያ ይቺን ሽቦ እዩ።