ደብዳቤውን አትጣሉት፦ በአሜሪካ ክሬዲት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ቢሮ ገብቶ ገና ወንበር ሳይስብ "የክሬዲት ስኮሬ ከ700 በላይ ነው፣ ሦስት ባንክ ከለከለኝ፤ ስሜን አይተው ነው አይደል?" አለኝ። "የላኩልህን ደብዳቤ ይዘሃል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ምን ይሠራልኛል ብዬ ቀድጄ ጣልኩት" አለ። ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ሥራ ውስጥ 11 ዓመቴ ነው። ይህን መልስ ያልሰማሁበት ወር የለም፤ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ደብዳቤውን መጣል

አበዳሪ ሲከለክላችሁ የሚልከው ወረቀት፣ ለምን እንደከለከላችሁ ራሱ የሰጠው ቃል ነው። ወዶ አይጽፈውም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግና በ1974 የወጣው የእኩል ብድር ሕግ ያስገድዱታል። የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት። ምክንያቱን ሳይጽፍ ከላከ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጠይቃችሁ የማወቅ መብት አላችሁ። የከለከለው ክሬዲት ሪፖርት አይቶ ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱን ከየትኛው የክሬዲት ቢሮ (የሰውን የብድር ታሪክ ከሚመዘግቡት ድርጅቶች) እንዳገኘ፣ የተጠቀመበት ስኮር፣ ማለትም ለብድር ታማኝነታችሁ የተሰጠው ቁጥር ስንት እንደነበር፣ ስኮሩን ወደ ታች የጎተቱት ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ መጻፍ ግዴታው ነው። ያንኑ ሪፖርት ከቢሮው በ60 ቀን ውስጥ ጠይቃችሁ በነፃ ትወስዳላችሁ። ቆሻሻ ውስጥ የሚገባው ይህ ሁሉ ነው!

የምክንያቶቹ አጻጻፍ ደረቅ ነው፤ ከለመዳችሁት ግን ይነበባል። "ከሊሚቱ አንጻር ባላንሱ ከፍተኛ ነው" ካለ፣ ያልከፈላችሁት ዕዳ (ባላንስ) ወደ ካርዱ ጣሪያ (ሊሚት) ተጠግቷል፣ ካርዳችሁ ሞልቷል ማለት ነው። "በቂ የክሬዲት ታሪክ የለም" ካለ ጥፋት የለባችሁም፤ ገና አልታወቃችሁም። "ገቢን ማረጋገጥ አልተቻለም" ካለ ክሬዲታችሁን አትነካኩት፤ የጎደለው ወረቀት ነው። "ማንነትን ማረጋገጥ አልተቻለም" ካለ ወደ ስምና አድራሻ ተመልከቱ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ደብዳቤውን ያላነበበ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ መድኃኒት ሊያክም ይሄዳል፤ እሱም ሌላ ባንክ ሄዶ እንደገና አፕላይ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ማመልከቻ ሪፖርቱ ላይ ሃርድ ኢንኳየሪ (አበዳሪ ሪፖርታችሁን እንዳየ የሚያሳይ ምልክት) ይጥላል፣ 2 ዓመት ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ራሱ "ብዙ ማመልከቻ አቅርበዋል" የሚል አዲስ ምክንያት ሆኖ ይመጣል።

ለወንድማችን ከሦስቱም ባንኮች ደብዳቤዎቹን እንደገና አስላክንለት። ሦስቱም የጻፉት አንድ ነገር ነበር፦ የሥራ ቦታውን ማረጋገጥ አልተቻለም። ማመልከቻው ላይ የሞላው የአሠሪው ስልክ ቁጥር ድርጅቱ ቢሮ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው። ለሁለት ወር "ስሜን አይተው ነው" እያለ ሲብሰለሰል የነበረው በዚህ ነው። በትውልድ አገር ምክንያት መከልከል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ተፈጽሞባችሁ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ለዚያም ቢሆን የመጀመሪያው ማስረጃችሁ ያው ደብዳቤ ነው።

ስልክ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ ሪፖርቱን አለማየት

ስኮር ከ300 እስከ 850 ያለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚወጣው ከሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ቢሮዎች ናቸው፤ ሦስቱ የያዙት መረጃ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ቫንቴጅ ስኮር ነው፤ አበዳሪው የሚያየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፋይኮ የሚባል ሌላ ስሌት ነው፣ ያውም ከብዙ ዓይነቶቹ አንዱን። ስለዚህ "እኔ ጋ 720 ይላል" ብሎ መከራከር አያዋጣም። ሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል፤ በሕግ የተፈቀደው ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው። የራሳችሁን ማየት ስኮራችሁን አይነካም። ይህን ስንቴ ብናገር የማያምነኝ ሰው ስላለ ደግሜ ጻፍኩት።

ሪፖርቱ ላይ የሌለውንም እወቁ። ደመወዛችሁ የለም፣ ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ የለም፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ የለም፣ በዴቢት ካርድ የከፈላችሁት የለም፣ ብዙ ጊዜም የቤት ኪራይ የለም። አንዲት እናት እቁባቸውን ለ14 ዓመት አንድ ዙር ሳያዛንፉ ጥለዋል፤ ሰብሳቢም ሆነው ያውቃሉ። "እኔን የማያምን ማንን ሊያምን ነው?" ሲሉኝ እውነታቸውን ነበር። ግን ያን ሁሉ መታመን ቢሮዎቹ አያዩትም። ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው ስምም እንዲሁ። እኚህ እናት 500 ዶላር ተቀማጭ አድርገው ሴኪዩርድ ካርድ አወጡ፣ በወር አንዴ ቤንዚን እየገዙበት ሙሉውን ከፈሉ። ፋይኮ ስኮር ለመውጣት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አካውንት ይፈልጋል፤ እሳቸውም በ7ኛው ወር ቁጥራቸውን አዩ።

"ሙሉውን ከፍያለሁ እኮ"

ከፍላችኋል፤ ጥያቄው መቼ ነው። ሊሚቱ 1,000 ዶላር የሆነ ካርድ አለ እንበል። በወሩ 900 ተጠቀማችሁበት። ስቴትመንቱ (የወሩ የሒሳብ መግለጫ) በ5 ተዘጋ፣ መክፈያው ቀን ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን ቆይቶ ነው። በመክፈያው ቀን 900ውን ሙሉ ከፈላችሁ፣ ወለድ የለም፣ ጎበዝ ናችሁ። ነገር ግን ባንኩ ለቢሮዎቹ ብዙ ጊዜ የሚልከው ስቴትመንቱ ሲዘጋ የነበረውን ባላንስ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ የሚያሳየው 90 በመቶ የሞላ ካርድ ነው። ከፋይኮ ስኮር 35 በመቶው በወቅቱ መክፈላችሁ ሲሆን፣ 30 በመቶው ያለባችሁ ዕዳ መጠን ነው። ትልቅ ብድር ልትጠይቁ ከሆነ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ክፈሉ። በሚቀጥለው ሪፖርት ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

የድሮ ካርድ መዝጋትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ካርዱ ሲዘጋ ሊሚቱ አብሮ ይጠፋል፣ በቀሩት ካርዶች ላይ ያለው ዕዳ በመቶኛ ሲሰላ ያብጣል።

በይሉኝታ ኮሳይን ማድረግ (ለሌላ ሰው ብድር አብሮ መፈረም)

"የእህቴ ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?" ይገባኛል። እኔም ዘመድ አለኝ። ግን ስትፈርሙ የምትሰጡት ምስክርነት አይደለም፤ ዕዳውን ነው የምትወስዱት። ሙሉው ብድር በእናንተ ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣ እሱ ያዘገየው ክፍያ በእናንተ ስም ይመዘገባል፣ በአብዛኛው ስቴት አበዳሪው እሱን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ይህን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከመፈረማችሁ በፊት በወረቀት ይሰጣችኋል፤ ማንም አያነበውም።

አንዲት እህት ቤት ልትገዛ መጣች። ክሬዲቷ ንጹሕ ነው፣ የወንድሟ ልጅ የመኪና ብድር ግን በወር 610 ዶላር ዕዳዋ ላይ ተደመረባትና ከሚፈቀደው አለፈ። መውጫ አለው፤ ሌላው ሰው ላለፉት 12 ወራት ሳያዘገይ ከራሱ አካውንት እንደከፈለ በባንክ ወረቀት ከታየ፣ ብዙ የሞርጌጅ አበዳሪዎች ያንን ዕዳ ከሒሳቡ ያወጡታል። ልጁም በወቅቱ ነው ሲከፍል የኖረው። ያጠፋው ነገር ቢኖር ገንዘቡን በየወሩ በጥሬው ለእሷ ሰጥቶ እሷ ከራሷ አካውንት እንድትከፍል ማድረጉ ነው። ወረቀቱ ላይ ከፋይዋ እሷ ሆነች። ከአካውንቱ መክፈል ከጀመረ በኋላ 12 ወር ጠበቀች፤ በዚያ ዓመት ዓይኗን የጣለችበት ቤት ተሸጦ ነበር። የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ክፍያው ከባለቤቱ አካውንት ይውጣ።

ትንሿን ቢል መናቅ

ይህን እኔም አጥፍቻለሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አፓርታማ ስቀይር የመጨረሻዋን የመብራት ቢል ሳልዘጋ ወጣሁ፤ 74 ዶላር ነበረች። ደብዳቤዎቹ ወደ ድሮው አድራሻ ሄዱ፣ ዕዳው ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ገባ፣ እኔ ያወቅሁት መኪና ስከለከል ነው። ባለማወቄ ያዘንኩት ሐዘን አሁንም ትዝ ይለኛል። አድራሻ ስትቀይሩ ፖስታ ቤት አስመዝግቡ፣ የውሃውንና የመብራቱን የመጨረሻ ቢል ደውላችሁ ዝጉ።

ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ ነው። "ከከፈልክ 7 ዓመቱ እንደገና ይጀምራል" የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚያደናግረው ሌላ ቆጠራ መኖሩ ነው፦ ሰብሳቢው ሊከሳችሁ የሚችልበት ጊዜ። እሱ በአንዳንድ ስቴት ትንሽ ስትከፍሉ እንደገና ሊጀምር ይችላል፤ ዕዳው የቆየ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የሕክምና ዕዳ ለብቻው ይታያል፤ የተከፈለውንና ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ሦስቱ ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አይዙም።

በተረፈ፣ ከመክፈያው ቀን 5 ቀን ማለፍ ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል እንጂ ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ 30 ቀን ማለፍ ግን ይወጣል። ሪፖርታችሁን ፍሪዝ አድርጋችሁ (አዲስ አበዳሪ እንዳያየው ዘግታችሁ) ከሆነ አፕላይ ከማድረጋችሁ በፊት አንሱት፤ በኢንተርኔት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳል። "በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህ ፈንታ የምትጠቀምበት አዲስ ቁጥር ልሽጥልህ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ሽሹ፤ በዚያ ቁጥር ብድር መጠየቅ ወንጀል ነው፣ የሚጠየቀውም ማመልከቻውን የፈረመው ነው።

ታክስ ላይ ድሃ፣ ባንክ ላይ ሀብታም መሆን

ታክሲ፣ ኡበርና ትራክ የምትነዱ ወገኖቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በዓመት 95,000 ዶላር ገብቶላችሁ፣ ታክስ ላይ ወጪ ተቀንሶ 21,000 ከቀረ፣ ሞርጌጅ የሚሰጠው ሰው የሚነሳው ከ21,000ው ነው። ብዙ ጊዜ የ2 ዓመት ታክስ አይቶ አማካዩን ይወስዳል። እንደ መኪና እርጅና ያሉ ጥቂት ወጪዎችን መልሶ ይደምራል፤ ክፍተቱን ግን አይሞላውም። እዚህ ላይ ስኮር 800 ቢሆንም አያድንም። ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ታክስ ከሚሠራላችሁ ሰው ጋር ከ2 ዓመት በፊት ተቀመጡ። ከተከለከላችሁ በኋላ ስትመጡ የምላችሁ ነገር የለኝም፤ ያለፈውን ዓመት መልሼ አላመጣውም።

ስህተት አይቶ በስልክ ማማረር

በእኛ ሰው ሪፖርት ላይ የሌላ ሰው ዕዳ ሲገባ በጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ወንድማማቾች ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነው። ወርቅነህ አንድ ቦታ በ"ኬ"፣ ሌላ ቦታ በ"ኪው" ይጻፋል። የልደት ቀን ሳይታወቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላለት ስንቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት ደግሞ የሶሻል ቁጥር በተራ ይሰጥ ስለነበር፣ አብረው ያመለከቱ ወንድማማቾች የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ሊለያይ ይችላል።

ሁለት ወንድማማቾች እንደዚያው ገጥሟቸው መጡ። የቆየ አድራሻቸው አንድ፣ ልደታቸው ሁለቱም ጃንዋሪ 1፣ ሶሻላቸው አንዱ በ4 ሌላው በ5 ያበቃል። ታናሹ የተወው ካርድ ታላቁ ላይ፣ የታላቁ የመኪና ብድር ታናሹ ላይ ተጽፏል። ለአንድ ዓመት ያህል በስልክ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፤ በእጃቸው ግን አንድም ወረቀት የለም። ለእያንዳንዱ ቢሮ የየራሱ ደብዳቤ ጻፍን። የእነሱ ያልሆነውን አካውንት በቁጥሩ ጠቀስን፣ የመታወቂያና የሶሻል ካርድ ቅጂ፣ አድራሻ የሚያሳይ ቢል አያይዘን በሪኮማንዴ ላክን፤ ለአበዳሪዎቹም እንዲሁ። ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት፣ ማረጋገጥ ያልቻለውን ማንሳት አለበት። የታላቁ በ26ኛው ቀን ከሦስቱም ጠራለት። ለታናሹ ሁለቱ ቢሮዎች አስተካክለዋል፤ ለሦስተኛው የወንድሙን መታወቂያ ቅጂ ጨምረን ሁለተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሰኞ ልከናል።