ስፌት ላይ ለምትውሉ፦ ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳሉን አስጠጉት

የበዓል ሰሞን ሽሮ ሜዳ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ የታዘዘው ቀሚስ ተከምሮ ሰፊው ከመኪናው ሳይነሳ ይመሻል። ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም አለ፣ ጥርና ሚያዝያ ደግሞ ሠርግ ነው። ከዚያ ወገብ ይያዛል፣ ማጅራት ይደርቃል፣ ግማሹ ሰው "ብርድ መታኝ" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "ኩላሊቴ ነው" ብሎ ውሃ በላይ በላዩ መጠጣት ይጀምራል። ውሃው አይከፋም። ግን ስትሰፉ ውላችሁ ስትነሱ የሚይዛችሁ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስትሉ የሚለቃችሁ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ እንጂ የኩላሊት አይደለም።

መፍትሔ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ወንበር ነው። ቆዩ እስቲ። ሰው መኪና ላይ የሚጎብጠው መርፌውን ለማየት፣ ፔዳሉን ለመድረስ ወይም እጁን ጨርቁ ላይ ለማኖር ነው። እነዚህ ካልተስተካከሉ ውድ የቢሮ ወንበር ብትገዙም ጀርባችሁ መደገፊያውን አይነካውም፤ ገንዘባችሁን ታወጣላችሁ፣ ወገባችሁ እንደነበረ ይቆያል።

ከፔዳሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ማንም አያስታውሰውም። የኤሌክትሪክ መኪና ፔዳል መሬት ላይ ልቅ ነው። በተረገጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ፊት ይሸሻል፣ እግር ይከተለዋል፣ እግርን ደግሞ መቀመጫ ይከተላል፣ ሳታውቁት የወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትገኛላችሁ። ከሥሩ ቁራጭ ከመነዳሪ ወይም ያረጀ የመኪና ምንጣፍ አንጥፉለት፣ አይንቀሳቀስም። ቦታው ደግሞ ጉልበታችሁ ወደ ቀጥታ ማዕዘን ቀረብ ብሎ የሚታጠፍበት፣ ተረከዛችሁም ሳይንጠለጠል የሚያርፍበት ይሁን። ሌላው እግር ባዶ መሬት ላይ ከዋለ አንዱ ዳሌ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል፤ ከፔዳሉ እኩል የሆነ ጣውላ ወይም ወፍራም መጽሐፍ አድርጉለት። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ላይ ሁለቱንም እግር መርገጫው ላይ አድርጉ፣ አንዱን ትንሽ ቀደም አንዱን ትንሽ ኋላ። በአንድ እግር ብቻ መርገጥ ለምዶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ያስቸግራል፣ በኋላ ይለመዳል።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው የሚቀመጠው ከመኪናው መሐል ፊት ለፊት ነው። መርፌው ግን በስተግራ በኩል ነው ያለው! ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ተጠማዞ ይሰፋል። አፍንጫችሁና እምብርታችሁ ከመርፌው ትይዩ እስኪሆኑ ወንበሩን ወደ ግራ ሳቡት። ይህቺ ብቻ ለብዙ ሰው ማጅራት ትበቃለች።

ከፍታው ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የድሮው ሲንጀር ጠረጴዛው ውስጥ የሰመጠ ስለሆነ ጨርቁና ጠረጴዛው እኩል ናቸው። አሁን ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ትንንሽ መኪኖች ግን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጡት። ጠረጴዛው ራሱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው ደግሞ ጨርቁን ከዚያ በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ እጅ ይነሳል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። ማታ ላይ ትከሻችሁ ድንጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ትከሻችሁን ልቀቁ፣ ክርናችሁን እጠፉ፣ እጃችሁ ጨርቁ የሚሄድበት ቦታ ላይ ሳይነሳም ሳይወርድም ካረፈ ልክ ነው። ካልሆነ ወይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ፈልጉ ወይ መቀመጫውን ከፍ አድርጉ። መቀመጫውን ከፍ አድርጋችሁ እግራችሁ ከተንጠለጠለ ፔዳሉንም አብራችሁ ጣውላ ላይ አውጡት። አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው የለም።

እንዴት እንደምትቀመጡ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሥራ ከጀመራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆነ ሰው ከጎን በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ። ሳይነግራችሁ ቢያነሳ ይሻላል፣ ካሜራ ሲያይ የማይቃና ሰው የለም።

አሁን ወደ ወንበሩ። ፍለጋችሁ ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ በትንሹ ከፍ እንዲል ነው፤ ያኔ ወገብ የተፈጥሮ ቅርጹን ይይዛል። በርጩማና ዱካ እዚህ ላይ ነው የሚጥሉን፤ ጉልበት ወደ ደረት ይመጣል፣ ወገብ ይታጠፋል፣ መደገፊያም የለም። ለቁልፍ መትከያ ይሁኑ፣ ለቀን ሙሉ ስፌት ግን አይሆኑም። የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነው፣ ለማረፍ እንጂ ለሥራ አልተሠራም። ከመቀመጫው የኋላ ግማሽ ላይ ብቻ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ያረጀ ጋቢ አድርጉበት፣ ወደ ፊት ትንሽ ያዘነብላል። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ አትጠቀሙ፣ ሰምጦ ያልቃል። ፎጣ ጠቅልላችሁ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ ከኋላ አስገቡ። ጎማ ያለው ወንበር ከሆነ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ይሸሻልና ጎማውን አውልቁት፣ የእጅ መደገፊያውም ከጠረጴዛው ጋር የሚጋጭ ከሆነ እንዲሁ።

ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ማታ የሰፋ ሰው አንገቱ ለምን እንደሚያመው አይጠየቅም። የጣሪያ አምፖል አይበቃም። ትንሽ መብራት መርፌው አጠገብ፣ የእጃችሁ ጥላ በማያርፍበት በኩል ይሁን። ዕድሜያችሁ ወደ 40ዎቹ ከገባና መርፌ ለመሰካት ክሩን እያራቃችሁ ከሆነ ችግሩ ወገብ ሳይሆን መነጽር ነው፣ ዓይን ታዩ። ትንሹን መኪና ከኋላ በኩል በቀጭን ጎማ ትንሽ ከፍ ብታደርጉት መርፌው ወደናንተ ያዘነብላል፣ ሳትጎብጡ ይታያል። እንዳይንሸራተት ብቻ ተጠንቀቁ።

የሐበሻ ቀሚስ፣ ካባ፣ መጋረጃ ስትሰፉ ጨርቁ ከጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይጎትታል፣ እናንተ ደግሞ በትከሻችሁ ትይዙታላችሁ። በግራ በኩል ሌላ ወንበር አስጠግታችሁ ክብደቱን ለወንበሩ ስጡት። የመኪና ጥልፍ የምትጠልፉ በተለይ ይህን አትለፉት፣ ሁለት እጃችሁ ጨርቁን እያዞረ ስለሚውል ትከሻ እረፍት የለውም።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሐዋሳም ይሁን ቦሌ ለሚ፣ አብዛኛው የኢንዱስትሪ መኪና ጠረጴዛ እግሩ በብሎን ከፍና ዝቅ እንደሚል እወቁ። መካኒኩን መጠየቅ ነው። ከእናንተ በፊት የነበረችው ልጅ ረጅም ከሆነች ጠረጴዛው የእሷ እንጂ የእናንተ ልክ አይደለም።

ወለል ላይ አጎንብሶ መቁረጥ ከስፌቱ ይብሳል። 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ነገር ላይ ቆማችሁ ቁረጡ፤ ጠረጴዛውን ብሎኬት ላይ ማውጣት ይቻላል። ቦታ ከጠፋ ትራስ ላይ ተንበርከኩ፣ ቁጢጥ አትበሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሳይነሱ መዋል አይሆንም። የትኛውም አቀማመጥ ሰዓታት ከቆየ ያማል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ። ሰዓት ማየት ከረሳችሁ የታች ክር ባለቀ ቁጥር ቆማችሁ ቀይሩ። ካውያውን ክፍሉ ሌላ ጫፍ ላይ አስቀምጡት፣ መነሳት ግድ ይሆናል። ቡናም ወደ መኪናው አይምጣላችሁ፣ ሂዱና ጠጡ። ስትነሱ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ለጠጥ በሉ፣ ትከሻችሁን አዙሩ፣ በመስኮት ሩቅ ተመልከቱ። ሙሉ ቀን መቁረጥ፣ ሙሉ ቀን መስፋት ከማለትም ሥራውን አቀላቅሉት።

ወገብ ከተያዘ ቀናት አልጋ ላይ መተኛት አይረዳም፣ ያደርቀዋል። ሞቅ ያለ ነገር አድርጉበት፣ በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ ተራመዱ። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት አብሮት ከመጣ ሐኪም ይየው፣ የአከርካሪ ቲቢ የሚባል ነገር አለና። ሕመሙ በእግር ወርዶ እግር እየደነዘዘ ወይም እየከዳ ከሆነም አትቆዩ። ሽንት ማምለጥ ወይም እንቢ ማለት፣ በጭንና ጭን መሐል መደንዘዝ ከመጣ ደግሞ "በዓሉ ይለፍ" አይባልም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።