የአንጋፋ ፖለቲከኛን የፓርላማ ንግግር እንዴት ፈልጋችሁ ታነባላችሁ

እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ የተነገረ ነገር ሃንሳርድ የሚባል መዝገብ ላይ ይወጣል፣ ኦንላይን በነፃ ነው። ለምሳሌ ዳያን አቦትን እንውሰድ፣ ከ1987 (እ.ኤ.አ) ጀምራ ፓርላማ ያለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ተመራጭ ናት። ሰርች ላይ ስሟን ፃፉና ቀኑን አጥብቡት፣ አለዚያ ወደ አርባ አመት የሚጠጋ ጊዜ ንግግር ይዘረገፍባችኋል።

እኔ በጁን 11 ቀን 2008ቱ ጀምሩ እላለሁ። በሽብር የተጠረጠረ ሰው ክስ ሳይመሰረትበት 42 ቀን ይታሰር የሚለው ህግ ላይ የራሷን ፓርቲ መንግስት ተቃውማ የተናገረችው ነው፣ በጣም የምወደው ንግግር ነው። ግን የሷን ብቻ ቆርጣችሁ አታንብቡ እባካችሁ፣ ከሷ በፊት ማን ምን አለ፣ መሀል ላይ ማን አቋረጣት፣ ምን ብላ መለሰች የሚለውን ካላያችሁ የክርክሩ ጉልበት አይገባችሁም።

ከዛ ድምፅ አሰጣጡን እዩ፣ ማን እንደደገፈ ማን እንደተቃወመ በስም አለ። ያኔ መንግስት 315 ለ306 አሸነፈ፣ በኋላ ግን የላይኛው ምክር ቤት ጣለው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሃንሳርድ ድግግሞሽና የአፍ ስህተት ያስተካክላል፣ ቃል በቃል ጥቀሱ ከተባላችሁ ቪዲዮውን አመሳክሩ።